ቆሽት ሲያርር፣ ልብ ሲሰበር፦ የአእምሮ፣ የአንጎልና የአካል ሕመሞች ትስስር

ሰው ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ሲያዝን «ልቤ ተሰበረ»፣ ሲራራ «አንጀቴን በላው»፣ ሲከፋው «ሆድ ባሰኝ»፣ አለቃው ሲያስመርረው ደግሞ «ጨጓራዬን ላጠው» ይላል። አማርኛችን ስሜትን ከአካል ለይቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። «ልብ» የሚለው ቃል ራሱ ደም የሚረጨውንም የምናስብበትንም ይይዛል። «ልብ በል» ስንባባል ስለ ደረታችን እየተነጋገርን አይደለም።

ወደ ሕክምና ተቋም ስንገባ ግን ይህ አንድነት ካርድ ክፍሉ በር ላይ ይቀራል። ጨጓራው ወደ ውስጥ ደዌ፣ ራስ ምታቱ ወደ ነርቭ ሐኪም፣ ጭንቀቱ ደግሞ፣ ያውም በሽተኛው ካመነና ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ ወደ አእምሮ ሐኪም ይላካል። ሦስቱ ሐኪሞች አንድን ሰው እያከሙ መሆናቸውን ሳያውቁ ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

ይህ ክፍፍል በሁለት በኩል ዋጋ ያስከፍላል። አንደኛውን አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። በአርባዎቹ ዕድሜ የሚገኝ አንድ የባንክ ሠራተኛ እንውሰድ። ደረቱን ይወጋዋል፣ ጨጓራውን ያቃጥለዋል፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቶ እስኪነጋ ጣሪያ ያያል። በስድስት ወር ውስጥ ኢሲጂ ተነሥቷል፣ አልትራሳውንድ ታይቷል፣ የኢንዶስኮፒ ምርመራ አድርጓል። የታይፎይድና የታይፈስ ምርመራው «ትንሽ ይታያል» እየተባለም ሁለትና ሦስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስዷል። በመጨረሻ «ምንም የለብህም» ይባላል። ሰውየው ግን አለበት። በዚህ ሁሉ ጊዜ «ደስታ የሚሰጡህ ነገሮች አሁንም ያስደስቱሃል ወይ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ሁለተኛው ገጽታ ብዙም አይወራም። ለዓመታት የአእምሮ መድኃኒት ሲወስድ የቆየ ሰው ድንገተኛ ክፍል ቀርቦ «ደረቴን አመመኝ» ይላል። አስታማሚው «እሱ እኮ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው» ካለ በኋላ በሽተኛው የሚናገረው ሁሉ ከሕመሙ ይቆጠርበታል። የደም ግፊቱ አይለካም፣ ሳንባው አይደመጥም። የመጀመሪያው ስሕተት ብዙውን ጊዜ ገንዘብና ጊዜ ይጨርሳል። ሁለተኛው ሰው እንደሚገድል በዚሁ በአገራችን በቁጥር ታይቷልና ዝቅ ብለን እንመለስበታለን።

አእምሮ የት ይገኛል?

አንጎል 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የአካል ክፍል ነው። ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በዕረፍት ጊዜ ሰውነት ከሚጠቀመው ኃይል ግን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ለክፉ ቀን የሚሆን ስንቅ የለውም፤ ስኳርና ኦክስጅን በየደቂቃው በደም በኩል ሊደርሰው ይገባል። ስለዚህ በልብ፣ በሳንባ፣ በጉበት፣ በኩላሊት ወይም በዕጢዎች ላይ የሚደርስ መታወክ ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ እርሱ ዘንድ ይሰማል። አእምሮ የምንለው፣ ማለትም ማሰቡ፣ ማስታወሱ፣ ማዘንና መደሰቱ፣ የዚህ አካል ሥራ ነው።

ታዲያ «የአንጎል በሽታ» እና «የአእምሮ ሕመም» ለምን ተለያዩ? መልሱ ከተፈጥሮ ይልቅ ታሪክ ነው። አንጎል ተከፍቶ ጠባሳ ወይም ዕጢ የታየበት ሕመም ለነርቭ ሐኪሞች ተሰጠ፤ ምንም ያልታየበት ለአእምሮ ሐኪሞች ቀረ። ድንበሩ ግን ሲንቀሳቀስ ኖሯል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የአእምሮ ሆስፒታሎች ከተኙት መካከል ብዙዎቹ «ንጉሥ ነኝ፣ ባለጸጋ ነኝ» ሲሉ ቆይተው ቀስ በቀስ ሽባ እየሆኑ የሚሞቱ ወንዶች ነበሩ። ምክንያቱ የአኗኗር ብልሹነት ነው፣ ከዘር የመጣ ነው እየተባለ ብዙ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1913 ኖጉቺና ሙር የተባሉ ተመራማሪዎች በእነዚህ ሰዎች አንጎል ውስጥ የቂጥኝን ባክቴሪያ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1917 ቪየና ውስጥ ዋግነር ያውሬግ የተባለው ሐኪም በሽተኞቹን ሆን ብሎ በወባ እያስያዘ፣ በትኩሳቱ ኃይል ቂጥኙን ለማጥፋት ሞከረ። ዛሬ ቢሆን የሚያስከስስ ሕክምና ነው፤ በ1927 ግን የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ፔኒሲሊን ሁለቱንም ተካ። «የአእምሮ በሽታ» ሲባል የኖረው ነገር በመርፌ የሚድን ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ። አንድ ጎልማሳ ድንገት ጠባዩ ሲለወጥ ጠንቃቃ ሐኪም ዛሬም የቂጥኝና የኤች.አይ.ቪ ምርመራ የሚያዝዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

አካል ታሞ አእምሮን ሲያውክ

ታይፎይድና ታይፈስ የሚሉት ስሞች የተገኙት ጭስ ወይም ጉም የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ነው። የጥንት ሐኪሞች ያዩት ትኩሳቱን ብቻ ሳይሆን የታማሚውን ሐሳብ የሚሸፍነውን ጉም ጭምር ነበር። እኛም ተስቦ የያዘው ሰው «ይቃዣል» እንላለን። ይህ መቃዠት በሕክምናው ራሱን የቻለ ድንገተኛ ችግር ነው። ሰውየው በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ቀንና ሌሊቱን ያምታታል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ይቆጣል ወይም ፈዝዞ ይተኛል። ጠዋት ደህና መስሎ ማታ ይብስበታል። ምክንያቱ ወደ አንጎል የወጣ ወባ፣ የሳንባ ምች፣ የኩላሊት ድካም፣ የመድኃኒት ብዛት ሊሆን ይችላል። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ደግሞ ትኩሳት እንኳን ሳይኖር ተራ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይበቃል። ቤተሰብ «አረጁ፣ ጃጁ» ብሎ ሲቀመጥ በጥቂት ቀን ሕክምና የሚስተካከለው ነገር ሕይወት ይቀጥፋል።

የስኳር በሽተኛም እንዲሁ ነው። ኢንሱሊን ተወግቶ ምግብ ሳይበላ የዘገየ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ንግግሩ ይኮላተፋል፣ ይሳደባል። መንገድ ላይ ሲወድቅ የሚያየው ሰው «ጠጥቶ ነው» ብሎ ያልፈዋል። መዋጥ የሚችል ከሆነ ግን አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ራሱ ይመልሰዋል።

ቀስ ብለው የሚመጡት ይበልጥ ያታልላሉ። አንገታችን ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሥራው ሲበዛ ልብ ይደልቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ሰውየው ቁጡና እንቅልፍ አልባ ይሆናል፤ ለሚያየው ጭንቀት የያዘው ይመስላል። ሥራው ሲቀንስ ደግሞ መክበድ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀት፣ መርሳትና ማዘን ይመጣል፤ ይህኛው ድባቴ ይመስላል። ሁለቱም በደም ምርመራ ይለያሉ። ዕጢው ለሥራው የሚጠቀምበት አዮዲን ሲጎድል እንቅርት ይወጣል፤ ነፍሰ ጡር ላይ ሲጎድል ደግሞ ጉዳቱ የሕፃኑ አንጎል ላይ ያርፋል። ስለ አዮዲን ሲነሣ የጨው ታሪካችን አብሮ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስኪነሣ ድረስ አገሪቱ ከአሰብና ከምጽዋ ጨው ታስገባ ነበር። ያ መንገድ ሲዘጋ ገበያው ወደ አፋሩ አፍዴራ ዞረ፤ ለብዙ ዓመታትም አብዛኛው ጨው ያለ አዮዲን ሲሸጥ ቆየ። ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የጨው ማሸጊያ ላይ «አዮዲን ያለው» የሚለውን ጽሑፍ መፈለግ እንግዲህ የአንጎል ጉዳይም ነው።

ቫይታሚን ቢ 12 ሌላው ነው። የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ሲሆን፣ ሲያንስ እግር ያደነዝዛል፣ ያስረሳል፣ ያስከፋል፤ አንዳንዴም ሰው ከእውነታው እስኪርቅ ያደርሳል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ለስኳር በሽታ የሚሰጠው ሜትፎርሚንና ብዙዎቻችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለዓመታት የምንውጠው ኦሜፕራዞል የዚህን ቫይታሚን መጠን ሊቀንሱ ይችላሉ።

መድኃኒትን ካነሣን ለአስምና ለመገጣጠሚያ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን መጠኑ ሲበዛ እንቅልፍ ሊነሣ፣ ከልክ ያለፈ ደስታ ወይም ድባቴ ሊያመጣ ይችላል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶናያዚድ ነርቭን እንዳይጎዳ ቫይታሚን ቢ 6 አብሮ ይታዘዛል። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የኤች.አይ.ቪ ሕክምና ምሰሶ የነበረው ኤፋቪሬንዝም አስፈሪ ሕልምና መፍዘዝ፣ በአንዳንዶች ላይም ድባቴ ያስከትል ነበር። ኋላ ላይ ዶሉቴግራቪር ቦታውን ወስዷል። መድኃኒቱን ሳይናገሩ ያቋረጡ ሰዎች ነበሩ፤ «ቅዠቱ ነው» ብለው ለሐኪማቸው ቢናገሩ ግን ሌላ ይቀየርላቸው ነበር።

አእምሮ ታሞ አካልን ሲጎዳ

አደጋ ያየ ሰው አንጎሉ በሰከንድ ውስጥ ትእዛዝ ያስተላልፋል። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲዞል ይረጫሉ፤ ልብ ይመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ስኳር ወደ ደም ይለቀቃል። ከጅብ ለማምለጥ ግሩም ዝግጅት ነው። ችግሩ ጅቡ የቤት ኪራይ፣ የቢሮ ፍጥጫ ወይም ያልተጽናና ሐዘን ሆኖ ለወራት ሳይሄድ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ ግፊቱና ስኳሩ ከፍ እንዳለ ይቀራል፣ እንቅልፍ ይጎድላል፣ ሰውነት በሽታ የሚከላከልበት ሥርዓትም ይዛባል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱ የታተመውና በ52 አገሮች ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ያሳተፈው ኢንተርሃርት የተባለ ጥናት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚከሰት የልብ ድካም ዋነኛ መንስኤ ብሎ ከለያቸው ዘጠኝ ነገሮች አንዱ የኑሮ ውጥረትና ድባቴ ነው። ከሲጋራ፣ ከኮሌስትሮል፣ ከደም ግፊትና ከስኳር በሽታ ጎን ነው የተቀመጠው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1993 ካናዳ፣ ሞንትሪያል ውስጥ የልብ ድካም አድርሷቸው የተረፉ 222 ሰዎች ሲጠኑ፣ ድባቴ ያለባቸው በስድስት ወር ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በሽተኛው ሲከፋው መድኃኒቱን ይረሳል፣ አይንቀሳቀስም፣ ያጨሳል። በሌላ በኩል የደሙ መርጋትና የልቡ ምት ሥርዓት ራሱ ይለወጣል።

«ልቤ ተሰበረ» የሚለውም ቢሆን ምሳሌያዊ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የጃፓን ሐኪሞች ከድንገተኛ ሐዘን ወይም ድንጋጤ በኋላ የልብ የታችኛው ክፍል እንደ ፊኛ የሚለጠጥበትን ሕመም ገለጹ። ቅርጹ የባሕር እንስሳ ማጥመጃ እንስራ ስለሚመስል ታኮትሱቦ ብለው ሰየሙት። በብዛት የሚታየው የወር አበባቸው በተቋረጠ ሴቶች ላይ ነው። ኢሲጂው የልብ ድካም ይመስላል፣ የልብ ደም ሥሮች ግን አልተዘጉም። አብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ ያገግማሉ፤ የሚሞቱም አሉ።

ወደ ቆሽት እንመለስ። ንዴት ቆሽትን አያሳርርም። ይሁንና የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች በድባቴ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ሁለት እጥፍ ገደማ መሆኑን፣ ድባቴ ያለባቸውም ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ይበልጥ እንደሚይዛቸው ጥናቶች አሳይተዋል። መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ ክፍት ነው። በደቡባዊው የአገራችን ክፍል በሚገኙ ጤና ጣቢያዎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናትም፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ከጀመሩ ሰዎች ግማሽ ያህሉ የድባቴ ምልክት እንዳለባቸውና ያልታከመ ድባቴ ያለባቸው መድኃኒቱን የማቋረጥም የመሞትም ዕድላቸው ከፍተኛ መሆኑን አመልክቷል። የቲቢ ፕሮግራማችን ክኒኑን በዓይን እያየ ያስውጣል፤ ክኒኑን ለመዋጥ ተስፋ የቆረጠውን ሰው ግን እምብዛም አይጠይቅም።

ሁሉን ነገር በጭንቀት ማሳበብም ስሕተት ነው። ጨጓራ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የጨጓራ ቁስለት ለብዙ ዘመን «የጭንቀት በሽታ» ሲባል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1982 ዋረንና ማርሻል የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን አንድ ባክቴሪያ አገኙ፤ ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ሲቆጣ አሳየ፤ በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ዛሬ አብዛኛው የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው ከዚህ ኤች ፓይሎሪ ከተባለ ባክቴሪያ ወይም ከዲክሎፌናክ፣ ከኢቡፕሮፌንና ከአስፕሪን እንደሆነ ይታወቃል። ቁስለት ሳይኖር የሚያቃጥል ጨጓራ ግን ብዙ ነው፤ እዚያ ላይ ነው ጭንቀትና ድባቴ ድርሻቸውን የሚያነሡት። ለይቶ ለማወቅ መጀመሪያ መመርመር፣ ቀጥሎም መጠየቅ ያስፈልጋል። የሁለቱ ቅደም ተከተል ሊከራከሩበት ይቻላል፤ አንዱን መዝለል ግን አይቻልም።

የቡታጅራው መዝገብ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ቡታጅራ በአእምሮ ጤና ጥናት ዓለም ስሟ የታወቀ ናት። ተመራማሪዎች በአካባቢው ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት አዳርሰው፣ ስኪዞፍሬኒያና ሌሎች ከባድ የአእምሮ ሕመሞች ያሉባቸውን 919 ሰዎች ለዩ። ከዚያም ለአሥር ዓመት ተከታተሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው በዚያ ጊዜ ውስጥ 121ዱ ሞቱ። በዚያው አካባቢ ካለው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር የሞታቸው መጠን ሁለት እጥፍ ነበር፤ በወንዶችና ስኪዞፍሬኒያ ባለባቸው ላይ ደግሞ ከዚያም ይከፋል። በአማካይ ሊኖሩ ይችሉ ከነበረው ዕድሜ ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል አጥተዋል።

ምን ገደላቸው? አንባቢ ራስን ማጥፋት ብሎ ይገምት ይሆናል። እሱም፣ አደጋም፣ ግድያም ነበሩ። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉን የገደለው ግን ተላላፊ በሽታ ነው። በበለጸጉ አገሮች ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ቀድመው የሚሞቱት በአብዛኛው በልብ በሽታ ነው፤ ማጨሱ፣ ውፍረቱና አንዳንዶቹ መድኃኒቶች የሚያመጡት ስኳር ይደመሩበታል። በቡታጅራ የገደላቸው ጎረቤቶቻቸው የሚታከሙለትና የሚድኑለት ዓይነት በሽታ ነው። የአእምሮ ሕመምተኛ ሲያስል «ዝም ብሎ ነው» ይባላል። ርቦት እንደሆነ አይናገርም፣ ቢናገርም አይሰማም። በሰንሰለት ታስሮ ጓሮ የተቀመጠ ሰው ሳንባ ምች ሲይዘው ማን ጤና ጣቢያ ያደርሰዋል? ቢደርስስ ነርሷ ሳትፈራው ትመረምረዋለች ወይ? የእኔ ግምት የሞቱን መንስኤ በጀርሙ ብቻ መጻፍ ግማሹን መተው ነው የሚል ነው።

የሚጥል በሽታ፦ ድንበር ላይ ያለው

የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕዋሳት የኤሌክትሪክ ሥርዓት ሲዛባ የሚመጣ የነርቭ በሽታ ነው፤ የአእምሮ ሕመም አይደለም። በአገራችን ግን ከአእምሮ ሕመም ጋር አንድ ሰልፍ ላይ ቆሞ ኖሯል። በሽተኛውን የሚያየው ብዙውን ጊዜ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነው፤ ማኅበረሰቡም ለሁለቱም የሚሰጠው ምክንያት ተመሳሳይ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አቅራቢያ፣ በመስቃንና ማረቆ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት ከ1 ሺህ ሰዎች 5.2ቱ ይህ በሽታ እንዳለባቸው አመለከተ። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል የሚለው እምነት ከሁሉ የከፋ ነው። ምድጃ ላይ የወደቀን ሰው «አረፋው ይነካኛል» ብሎ የሚሸሽ ስላለ፣ ያልታከመ የሚጥል በሽታ በቃጠሎ ጠባሳ ይታወቃል። አንጎል ጀመረው፣ አካል ተጎዳ፣ ከዚያም ከትምህርት ቤት፣ ከትዳር፣ ከሥራ መገለል ድባቴን ያስከትላል። ሦስቱ ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ የሚገናኙበት ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ክብሪት ማሽተት አይጠቅምም። የሚጠቅመው ሰውየውን ከእሳትና ከስለት ማራቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም ነገር አለመክተት ነው። መንፈራገጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከተደገመ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትክክለኛ መድኃኒት ካገኙ ከመቶ እስከ ሰባ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ፌኖባርቢታል ርካሽና ለረጅም ዘመን በጥቅም ላይ የቆየ መድኃኒት ነው። ጸበል የሚሄድ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት ያለማቋረጥ የሚጥል፣ ሕይወት የሚያሳልፍ አደጋ ያመጣልና።

ስትሮክም ተመሳሳይ መንገድ ይከተላል። ሥሩ ብዙውን ጊዜ ለዓመታት ያልታከመ ደም ግፊት ነው። ከስትሮክ ከተረፉት ሲሶ ያህሉ ድባቴ ይይዛቸዋል፤ ቤተሰብ ግን «እጁን ካጣ ምን ይደሰት» ብሎ ይተወዋል። ያዘነ ሰው ፊዚዮቴራፒ አይሠራም፣ እጁም አይመለስለትም። በፓርኪንሰን በሽታ ድባቴው ከመንቀጥቀጡ ዓመታት ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። የመርሳት በሽታን በተመለከተ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ 14 ሊስተካከሉ የሚችሉ መንስኤዎችን ዘርዝሮ፣ ሁሉም ቢስተካከሉ ከበሽታው 45 በመቶ ያህሉን ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻል እንደነበር ገምቷል። በዝርዝሩ ውስጥ ደም ግፊት፣ ስኳር በሽታ፣ ያልታከመ የመስማት ችግርና ድባቴ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ጫትን ሳላነሣ ባልፍ ሥራዬን አላሟላሁም። በውስጡ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል ንጥረ ነገር ነው። የደም ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ለተጋለጠ ሰው ደግሞ የጥርጣሬና የቅዠት ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል። ከዚያ «ጨብሲ» ተብሎ አልኮል ሲከተል ጉዳቱ ይደራረባል።

ከሐኪም ጋር ሲነጋገሩ

የዚህ ጽሑፍ አንባቢ ከመንግሥት ጤና ጣቢያ ይልቅ የግል ክሊኒክ የሚያዘወትር ሳይሆን አይቀርም፤ ምርመራ የሚበዛውና ጥያቄ የሚያንሰው ደግሞ እዚያ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ራስዎ ይዘው ይሂዱ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት አብዛኛውን ቀን ሲከፋዎት ወይም ተስፋ ሲቆርጡ ቆይተዋል? ቀድሞ የሚወዱትን ነገር መሥራት አስጠልቶዎታል? ሐኪሞች ራሳቸው ለመጀመሪያ ማጣሪያ የሚጠቀሙባቸው ሁለት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ለአንዱ እንኳ መልስዎ «አዎ» ከሆነ ከጨጓራው ጋር አብረው ይናገሩት። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሊነገር ይገባል። የአእምሮ ሕክምና የሚከታተል ቤተሰብ ካለዎት ደግሞ በየቀጠሮው የደም ግፊቱ፣ ክብደቱና የደም ስኳሩ እንዲለካ ይጠይቁ። እንደ ኦላንዛፒን ያሉ መድኃኒቶች ክብደትና ስኳር ስለሚጨምሩ ይህ የሕክምናው አካል ነው።

ባለሙያ የለም የሚለው ምክንያት ዛሬ እንደ ድሮው አይደለም። ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል ነበር። የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበሩት በጣት የሚቆጠሩና ውጭ የተማሩ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረውን፣ የአእምሮና የነርቭ ሕመሞችን በአጠቃላይ ሐኪሞችና ነርሶች የማከም መርሐ ግብር ቀድመው ከሞከሩት አገሮችም አንዷ ኢትዮጵያ ናት።

መድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ክፍፍሉ ቀድሞ ፈርሷል። አሚትሪፕቲሊን ለድባቴም፣ ለማይግሬንም፣ የስኳር በሽታ ለሚያመጣው የእግር ማቃጠልም ይታዘዛል። ቫልፕሮኤት ለሚጥል በሽታም፣ ስሜት ከጫፍ ጫፍ ለሚዋዥቅበት ባይፖላር ሕመምም ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ክኒን ስለታዘዘልዎት ብቻ «አሳብደው ጻፉኝ» ብለው አይደንግጡ፤ ለምን እንደታዘዘ ይጠይቁ። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ሲሻልዎትም በድንገት አይቆምም። ቫልፕሮኤት ፅንስን ስለሚጎዳ መውለድ የምታስብ ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን አማክራ ልትቀይረው ይገባል፤ አርግዛ ከሆነም ራሷ አታቋርጠው፣ በዚያው ሳምንት ትታይ። በዕድሜ የገፉ እናት ወይም አባት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሰው መለየት ከተሳናቸው ደግሞ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሽንት፣ የደምና የስኳር ምርመራ፣ እንዲሁም የሚወስዷቸው መድኃኒቶች በሙሉ በፌስታል ተይዘው ሐኪሙ ፊት መቅረባቸው ነው።